የማይወልቁ ጥርሶች

ባለቤቴ ፈረደ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ኦሺዮት ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን የተጠበሰ በቆሎ በላን። እኔ እየፈለፈልኩ ነበር፤ እሱ በፊት ጥርሱ እየጋጠ የራሱን ጨርሶ ከኔ ግማሹን ወሰደ።

«አንቺ ትቆጥሪዋለሽ እንጂ አትበይውም» አለኝ።

ያን በቆሎ እንዲግጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል። ሥራው የኔም ሥራ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ላቦራቶሪ አጸዳ ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ረዳትነት ኮርስ ጨርሼ ረሆቮት መሃል ከተማ አንድ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ደረጃዬ ከሁሉ በታች ነበር። ዕቃ አጥባለሁ፤ በከረጢት አሽጌ በእንፋሎት ከሚቀቅለው ማሽን ውስጥ እከታለሁ፤ የምራቅ መምጠጫውን ቱቦ እይዛለሁ። ዕብራይስጥ የማይችል የኛ ሰው ሲመጣ ደግሞ አስተረጉማለሁ።

የመጀመሪያው በሽተኛዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አባት ነበሩ። የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ናኦሚ «ጥርሳቸውን ያውልቁ በያቸው» አለችኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው እፊቴ ጥርሳቸውን እንዲያወልቁ እንዴት ብዬ ልዘዛቸው? ናፕኪን ሰጠኋቸውና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እዚያ የመንጋጋ ሥዕል ተሰቅሏል።

«አባባ፣ እኔ ይህን ሥዕል እያየሁ ነው» አልኩ።

ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። «በይ ልጄ፣ ሥዕልሽን ጨርሰሽ ተመለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ናኦሚም ፊቷን ማዞር ለመደች።

አንድ ሌላ ልማድ ግን ነበረኝ። ናኦሚ «ማጨስ ክልክል ነው» ስትል እኔ «ባያጨሱ ደስ ይለናል» እላለሁ። «ይህን ሁሉ ቃል እኔ አልተናገርኩም» ትለኛለች። «በአማርኛ ይረዝማል» እላታለሁ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ይገባቸው ስለነበር ችግር አልገጠመኝም።

ፈረደ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር። የታች ጥርሶቹ ካለቁ ቆይተዋል፤ የሚወልቅ ጥርስ ነው የሚያደርገው። ጥርስ ከሌለ የመንጋጋ አጥንት ሥራ ይፈታና ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፤ ያኔ የሚወልቀው ጥርስ የሚይዘው ያጣል። ፈረደ በምላሱ ተጭኖ ይዞ ስለሚናገር ቃሉ እያነሰ መጣ። ሲተኛም አያወልቀውም ነበር። እኔ ሚስቱ እንኳ ያለ ጥርስ አይቼው አላውቅም።

«አንድ ቀን ሰው መሃል ከአፌ ቢወድቅ፣ ሽምግልናውን ያን ዕለት እተዋለሁ» አለኝ። እጁን ይዤ ወደ ናኦሚ ወሰድኩት።

ናኦሚ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለች። «ብሎን የሚይዝ አጥንት የለውም» አለች። «መጀመሪያ አጥንት እንጨምራለን፣ ግማሽ ዓመት እንጠብቃለን፣ ከዚያ አራት ሽታሊም እንተክላለን።» ሽታሊም የምንላቸው አጥንት ውስጥ የሚገቡ የቲታኒየም ብሎኖች ናቸው። የማይወልቀው ጥርስ በላያቸው ይታሰራል።

አጥንቱን ጨምራ ድዱን ከሰፋች በኋላ «ሦስት ሳምንት የታችኛውን ጥርስ እንዳያስገባ፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን» አለችኝ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ እሱ ዞሬ «ባታደርገው ጥሩ ነው» አልኩት።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ።

በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት ባልና ሚስት ተጣልተው ለሽምግልና ተጠራ። ጥርሱን አድርጎ ሄዶ ግማሽ ቀን ሲናገር ዋለ። ማታ «ታረቁልኝ!» እያለ ገባ። በማግስቱ አገጩ አብጦ ተነሣ። ክሊኒክ ስንደርስ ድዱ ተከፍቶ የተጨመረው አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል።

«አልነገርሽውም?» አለችኝ ናኦሚ።

«ነግሬዋለሁ። ግን አለሳልሼ ነው» አልኳት።

ፈረደ ጣልቃ ገባ። «ሚስቴ ባታደርገው ጥሩ ነው ያለችኝን ስንት ነገር አድርጌያለሁ! ክልክል ነው መቼ አለችኝ?»

ስተረጉምላት ናኦሚ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የተጨመረውን አጥንት ጠርጋ ስታወጣ መምጠጫውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አራት ወር ጠብቀን እንደገና ተሠራ። ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ቆሜ «ፈረደ፣ ጥርሱን ካስገባህ አጥንቱ ይሞታል። ክልክል ነው» አልኩት። ጥርሱን ከእጁ ተቀብዬ ክሊኒኩ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሦስት ቀን አፉን በነጠላ ሸፍኖ ቤት ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ቁርስ ሳቀርብ ነጠላውን ጣለው።

«እህ፣ እንዴት ነኝ?»

«አባትህን መስለሃል።»

«እሳቸው መልከ መልካም ነበሩ» አለና ገንፎውን በላ።

ግማሽ ዓመት አለፈ፤ ራጁ ላይ አጥንቱ ሞልቶ ታየ። ብሎኖቹ ገቡ። ከአራት ወር በኋላ ናኦሚ እያንዳንዱን በመሣሪያዋ እጀታ መታ መታ አደረገች። ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ነበር። አጥንቱ ብሎኖቹን ይዟል ማለት ነው። «ያላ፣ በይ የብሎኑን ቁልፍ አቀብዪኝ» አለች። አቀበልኳት። ጥርሱን አጥብቃ አሰረችው።

ከዚያ ወዲህ ፈረደ ሽምግልና ሲቀመጥ እንደ ልቡ ይናገር ነበር። ይስቅም ነበር።

ከበቆሎው ሐሙስ በኋላ ለልብ ቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ሲሉ አንዲት ነርስ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣች። «የሚወልቅ ጥርስ አለህ? አውልቀው» አለችው።

«ተዋበች፣ ንገሪያት። እኔን አታምነኝም» አለኝ።

«የሚወልቅ የለውም። ሁሉም የራሱ ነው» አልኳት።

አልጋውን ሲገፉት ጥርሱ እየታየ ይስቅ ነበር። ከዚያ አልተመለሰም። ሐዘኔ አላለቀም። ግን እስከ መጨረሻው ሰው ፊት ጥርሱን አውልቆ አላፈረም፤ ይህ ያሳርፈኛል።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህ ነው፦ ለሰው ክብር ፊት ይዞራል፤ ክልክል የሆነው ግን ክልክል ተብሎ ይነገራል።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ክሊኒክ እገባለሁ። ናፕኪኑን እሰጣለሁ፣ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ ናኦሚ ያለችውን እንዳለችው እናገራለሁ።