«ወፈርሽ» ያሏት ልጅ

የታላቅ እህቴ ልጅ ፀደንያ አስረኛ ክፍል ናት። ወላጆቿ አገር ቤት፣ ጎረቤላ ናቸው፤ እሷ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ሆና መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

ነገሩ የጀመረው ለአዲስ ዓመት አገር ቤት ደርሳ ስትመለስ ነው። ዘመዱ ሁሉ ጉንጯን እየቆነጠጠ «ውይ ወፈርሽ! ከተማው ተስማማሽ!» ብሏታል። እኛ ዘንድ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም፤ እኔም ስሰማ ኮርቼ ነበር። እሷ ግን አኩርፋ መጣች።

«አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ቦርጭ አለኝ?»

«ሂጅ ወዲያ! የምን ቦርጭ!»

ከዚያ ወዲህ ቁርስ ቀረ። ቂንጬ ሳቀርብላት «ካርቦሃይድሬት ነው» ትላለች። የወጡን ዘይት በማንኪያ ትገፋለች። የጽጌ ጾም ሲገባ ደግሞ ተገላገለች፤ ማንም ሳያስገድዳት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ያዘች። ምን ልበል? አትጹሚ ይባላል? ጎረቤቶቼማ «የተባረከች ልጅ» ይሉኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም የምትበላው ግማሽ ቲማቲም ነው። ስልኳ ላይ የምታያት ወገበ ቀጭን እንደዚያ ነው አሉ የምትበላው።

«ጓደኞችሽስ?»

«ሁላችንም እንደዛ ነን።»

በዚህ ብርድ፣ በባዶ ሆድ! አንድ ጠዋት መምህሯ ደውሎ «ሰልፍ ላይ ወደቀች» አለኝ። ደግፌ አመጣኋት።

ጾሙ እንዳለፈ እህቴ ደብሪቱ በሶና ቅቤ ይዛ ልትጠይቀን መጣች። ልጇን አየቻት፤ ቀጥሎ እኔን።

«ሰርካለም፣ ልጄን አስራብሽብኝ?»

«እማ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት» አለች ፀደንያ።

«ዝም በይ! እህል ቤት ውስጥ እያለ የሚራብ ሰው አለ? ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«ትምህርቴስ?» ብላ አለቀሰች።

«እትዬ፣ እኔን ስደቢኝ፣ ከትምህርቷ ግን አታስቀሪያት» አልኩ። «እኔንም እናታችን ስትታመም ለአንድ ወር ብላችሁ ነው ከስድስተኛ ክፍል ያስቀራችሁኝ፤ በዚያው ቀረሁ።»

ቶሎ ብዬ በሶውን በቅቤ ለወስኩና ለልጅቷ ሰጠኋት። «ብይ የኔ ልጅ፣ እናትሽ እያየችሽ ብይ።»

ሁለት ጉርሻ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች። ሦስተኛውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ብለምናትም አልሆነላትም።

ደብሪቱ ተነስታ የልጇን ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። እህቴ በመኪናው መስኮት «ሰው ስትመስል እመልሳታለሁ» አለችኝ። ፀደንያ ቀና ብላም አላየችኝ። ለመምህሯ ምን እንደምል እያሰብኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።