የእግር ቀለም

«ይሄ እኮ የእግር ቀለም ነው፤ ላንቺ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ የጄራርድ ጎዳናው ህንዳዊ ባለሱቅ። ቀይዋን ጠርሙስ ግን ከእጄ አልለቀቅኩም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክሬሰንት ታውን በሚባለው የስደት ሰፈራችን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጓደኛዬ ሚታ ለካሊ በዓል ኢንቫይት አደረገችኝ። ካሊ የሂንዱዎች ቁጡ ሴት አምላክ ናት፤ ምስሏ ጥቁር፣ ምላሷ የወጣ፣ አንገቷ ላይ የራስ ቅል የተደረደረ። እማዬ ብታውቅ ትገለኝ ነበር።

በዚያ ቀን ካሊ በትንሽ ልጅ ላይ ታድራለች ይላሉ። ሚታ ቀይ ሳሪ ለብሳ ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። አያቷ ተንበርክከው እግሯን አጠቡ፤ ዳር ዳሩን ቀይ ቀለም ቀቡት። ከዚያ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ሰገዱላት። ትናንት ላስቲክ ዝላይ ያሸነፍኳት ሚታ!

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ሐሙስ ቀን ቄሱ የሁሉንም ሰው እግር ነው የሚያጥቡት። ስለዚህ ካልሲዬን አወለቅኩና ከወንበሩ አጠገብ ቆሜ እግሬን ዘረጋሁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ዛሬ የኔ ብቻ ነው የሚታጠበው» አለች ሚታ ከላይ ሆና።

«ጥቁሯ እኔ ነኝ! እሷን የምመስለው እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አያትየው እርጥብ እጃቸውን ጉንጬ ላይ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ ስትቆጪማ ቁርጥ እሷን ነሽ» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እግሬን ግን አልነኩትም።

«ሙሽራ ናት የምትቀባው» አለኝ በማግስቱ ባለሱቁ፣ አሁንም ሊያስተወኝ እየሞከረ።

ከፍዬ፣ ጠርሙሷን ይዤ ወጣሁ።