ቢላ ከኋላ!

ጃፓናዊው ሽማግሌ አለቃዬ የመቱኝ ምግብ ቤታቸው ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። በብረት ጭልፋ፣ የቀኝ እጄ አንጓ ላይ። አጥንቴ ቋ ሲል ሰማሁት። የያዝኩት ቢላ አምልጦኝ ከጫማዬ ጫፍ አጠገብ ወለሉን መታ። እኔ ደግሞ ለእናቴ ካልሆነ ለማንም ተመትቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። እጄ ከአፌ ይቀድማል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። መክተፊያው ላይ ካሮት የሚመስል፣ ክንድ የሚያህል ነጭ ሥር ተቀምጦ ነበር፣ ጃፓኖች ፈቅፍቀው ከዓሣ ጋር የሚበሉት። አነሳሁና ትከሻቸው ላይ ሰበርኩት። ግማሹ መሬት ወረደ፣ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ።

የመጣው ይምጣ ብዬ ቆምኩ። መባረሬ ነው፣ ፖሊስም ሊጠራብኝ ነው ስል፣ ሽማግሌው ትከሻቸውን እያሹ ጎንበስ አሉና የወደቀውን ግማሽ አንስተው አጠቡት። ከዚያ ከእኔ በማይሻል ጀርመንኛ «ቢላ ይዘሽ በሰው ጀርባ ስታልፊ ‹ቢላ ከኋላ!› ትያለሽ። ዞር ብዬ ቢሆን ኖሮ አሁን ሆዴ ውስጥ ነበር» አሉኝ። ሳስበው እውነታቸውን ነው። የእኔ እጅ ሳምንት አብጦ ከረመ፤ የሳቸው ትከሻ ጠቆረ። ተካክሰናል ብለን ተውነው።

ምግብ ቤቱ ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል የሚባል ሰፈር ነው፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ማይን ወንዝ ሲወረድ። ባለቤቱም ዋና ወጥ ሠሪውም እሳቸው ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ የምንቆመው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እኔ ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ቢሮ ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ ስለ ጃፓን የማውቀው መኪናቸውን ነው። ጃፓንን አላየሁትም፣ ግን ዓሣውን ስገፍፍ፣ ሩዙን ሰባት ጊዜ ሳጥብ፣ አገሩን በእጄ ለመድኩት። እባብ የሚመስለውን ዓሣ ሽማግሌው ጭንቅላቱን በሚስማር ከእንጨቱ ጋር ቸንክረው፣ ጭራው እየተገረፈ፣ ከአንገቱ እስከ ታች በአንድ ምት ይሰነጥቁታል። መጀመሪያ ቀን አማተብኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሚስማሩን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። «ቢላ ከኋላ!» ማለቱም ደሜ ውስጥ ከመግባቱ የተነሳ ኡባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ፣ ዣንጥላ ይዤ ሳልፍ «ከኋላ!» ብዬ ጮኼ አንዲት አሮጊት አስደንግጫለሁ።

ተዋደድን እንግዲህ። ጾም ሲፈታ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ይዤላቸው ሄድኩ። ሥጋውን እንደ ወረቀት አሳስተው ሲቆርጡት ጊዜ «ኧረ በማርያም! ይሄማ ሥጋ መስደብ ነው!» ብዬ ቢላውን ነጠቅኳቸው። እነሱም ጥሬ ይበላሉ፣ እኛም ጥሬ እንበላለን፤ ሌላው የፍራንክፈርት ሰው ሁሉ ያላወቀበት ነው ብለን ተስማማን። ላጎርሳቸው እጄን ስዘረጋ ግን ጭንቅላታቸውን ሸሸት አደረጉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አፍረው ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዟል፣ ቤታችን ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ነው፣ ሁለታችን ብቻ። በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልሳለች። ጥግ ላይ ተቀምጣ ሩዟን እየበላች ስልኳን ትነካካለች። ከምሳ በኋላ እንግዳ ሲቀንስ ሽማግሌውና እኔ ሻይ ይዘን የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን፦ ማን የበለጠ ተመቷል።

እሳቸው ቅንድባቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳዩኛል። ሙያ ሲለማመዱ አለቃቸው በእንጨት ጫማ ፈንክቷቸው ነው፤ ደሙ ሾርባው ውስጥ ሲንጠባጠብ «ጨው በዛበት!» ብሎ ደገማቸው። እኔ የእናቴን እነግራቸዋለሁ። ስኳር ሰርቄ በርበሬ እንዴት እንዳጠነችኝ፦ በርበሬውን ፍም ላይ ነስንሳ፣ ጭንቅላቴን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ጭሱ ላይ ደፍታ ያዘችኝ። ከነብርድ ልብሴ አምልጬ ስሮጥ የጎረቤት ዶሮዎች ቆጥ ውስጥ ገባሁ፤ ዶሮዎቹም አብረውኝ ያስነጥሱ ጀመር! እዚህ ላይ ዶሮ ስታስነጥስ እያስመሰልኩ አሳያቸዋለሁ። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው መሬት ይቀመጣሉ። እኔም እስከማነባ እስቃለሁ፤ ለነገሩ ግራ ዓይኔ ሳልስቅም ያነባል፣ የፍራንክፈርት ንፋስ ነው እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ከስልኳ ቀና አለች። «ቫሩም ላኽት ኢር?» ለምን ትስቃላችሁ?

«ስለሚያስቅ ነዋ!» አልኳት። «እንዲያ ተቀጥተን ነው ሰው የሆንነው። ‹በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ› ሲባል አልሰማሽም?» ሌባው ሊሰቀል ሲል እንቁላል ስሰርቅ ብትመቺኝ ኖሮ እዚህ አልደርስም ብሎ እናቱን የወቀሰበትን ተረት ነገርኳት። አዳመጠችኝ። አልሳቀችም።

በወሩ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጥናት አለኝ ብላኝ ወጣች። እኔ ምድጃ ላይ ሽሮ ጥጄ ሳማስል ስልክ ተደወለ፤ የሰንበቴ ጓደኛዬ ናት። ልጅሽን ማይን ዳር ከወንዶች ጋር አየኋት፣ አትፍረጂባት ግን ልብ በያት አለችኝ። ዓይኔ ደም ለበሰ። ልጄ ገባች። «ጥናቱ እንዴት ነበር?» አልኳት። «ጉት» አለች፣ ጥሩ ነበር፣ ዓይኔን እያየች።

በማማሰያው መታኋት። አንዱ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ለሁለተኛው ክንዷን አነሳች፤ ማማሰያው አንጓዋ ላይ ተሰበረ፣ ግማሹ በረረና ግድግዳውን መታ፣ ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። በግማሹም መታኋት። ሁለቱን ንዴት ነው ልበል። ሦስተኛውን ግን እጄ ላይ የቀረውን አይቼ፣ ስለቱን አይቼ ነው የሰነዘርኩት። ለሱ ማንም ይቅር እንዲለኝ አልጠብቅም። ክንዷ ተተልትሎ ደሙ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ሽሮው አርሮ ቤቱ በጭስ ተሞላ።

አላለቀሰችም። ክንዷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ያን የማትወደውን አማርኛ አጥርታ፣ «ነገ ለአለቃሽ ንገሪው። ትስቃላችሁ» አለችኝ።

ቁስሏን ላጥብ ስጠጋ በሩን ዘጋችብኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ አየች። ከሰዓት በኋላ ከዩገንታምት ደወሉልኝ፤ የልጆችን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው፣ አበሻ ስሙን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት። ልጄ ራሷ ቤት አልገባም ብላለች። ጻይልስሃይም፣ ከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ልጆች ለጊዜው የሚያርፉበት ቤት አስገቧት። ለእኔ ቴርሚን፣ የቀጠሮ ቀን፣ ተሰጠኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይታያል፣ ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ትጠየቃለች ተባልኩ።

ተሳደብኩ። አስተማሪዋን ሰደብኩ፣ አገሩን ሰደብኩ፣ የደወለችልኝን ጓደኛዬን ሳይቀር ረገምኩ። አልጋዋ ላይ ተኝቼ ትራሷን ነከስኩ። ልጄን ወሰዱብኝ እያልኩ ሳለቅስ አንድ ነገር ግን ልክ አልመጣልኝም፦ ማንም አልወሰዳትም፤ ሸሽታ ነው የሄደችው። ይህን ለራሴ ለማለት አራት ቀን ፈጀብኝ።

ሥራ ገብቼ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ዓሣ እየቸነከሩ ነበር። መዶሻውን አስቀመጡ። ይስቃሉ ብዬ ፈራሁ፤ ቢስቁ መዶሻውን የማነሳ ይመስለኛል። አልሳቁም። ዱስልዶርፍ ልጅ አላቸው፤ እኔ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ስለሱ ሰምቼ አላውቅም። ቢላ አያያዝ ሲያስተምሩት በጥፊ ጆሮውን መቱት፣ ያ ጆሮ እስከ ዛሬ አይሰማም። ሲደውሉለት አያነሳም። «የእንጨት ጫማውን ነው የማወራው» አሉኝ። «ጆሮውን ለማንም አላወራሁም። እሱ አያስቅም።»

ከዚያ ዞረው ዓሣውን ሰነጠቁት፣ ግን ቢላቸው መስመሩን ስቶ ሥጋው ተበላሸ፤ ጣሉት። እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

የቴርሚኔ ዕለት በአውቶቡስ ጻይልስሃይም ሄድኩ። ከፌርማታው እስከ በሩ ያለውን ሁለቴ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ትንሽ ክፍል፣ ክብ ጠረጴዛ፣ ጉዳያችንን የያዘችው ሴትዮ፣ ልጄ። ክንዷ ላይ ፋሻ አለ። ሴትዮዋ ልጄን ምን ትፈልጊያለሽ አለቻት። መልሷ አንድ ቃል ነው፣ ‹አልመለስም› ካለች አለቀ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «የበርበሬውን ንገሪኝ» አለች፣ በአማርኛ። «ሳትስቂ።»

ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየችን፤ ልጄ በጀርመንኛ የሆነ ነገር ስታስረዳት ጊዜ እሺ ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ጀመርኩ። ስኳሩን ነገርኳት። ፍሙን፣ ብርድ ልብሱን። የእናቴ ጉልበት ጀርባዬ ላይ እንዴት እንደከበደኝ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጭሱ ሲገባ «እማዬ እማዬ» ብዬ የጠራሁት ያቺኑ የምትደፍቀኝን ሰው እንደነበረ። ሽንቴ እንዳመለጠኝ። የማነባው ዓይኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደሆነ፣ ንፋስ እንዳልሆነ። ዶሮዎቹ ጋ ስደርስ አፌ ለሳቅ ከፈት አለ፣ ልማድ ነው። ልጄ አፌን አፌን ታያለች።

«ዶሮ አልነበረም» አልኳት። «አላመለጥኩም። ዶሮዎቹን ኋላ እኔ ነኝ የጨመርኳቸው፣ ሰው እንዲስቅልኝ።»

ያኔ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን፣ በንፍጥ። ልጄ ተነስታ አላቀፈችኝም። ሶፍት ገፋ አደረገችልኝ። ቆየችና «ያንቺን ማማሰያ እንደ ቀልድ አላወራም። አንቺም ለማንም እንደ ቀልድ አታወሪም» አለች። ማልኩላት። «እንዳትምዪ። እሺ በይ ብቻ» አለች። «እሺ» አልኩ። ለሴትዮዋ በጀርመንኛ እመለሳለሁ አለቻት፣ ግን አሁን አይደለም፣ ቀስ ብዬ ነው አለች። ቀስ ማለቱ አራት ወር ወሰደ፤ እኔም በየሳምንቱ ልጅ ያለ ዱላ ስለማሳደግ የሚያስተምሩበት ቦታ ተቀምጬ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሴትዮ፣ እንደ ተማሪ ደብተር ይዤ ጻፍኩ።

አሁን ቤት ናት። ቁመቷ በልጦኛል፤ ከሰውም ከእኔም ጋር ትስቃለች፣ ትጨቃጨቃለች፣ በሩን ድም አድርጋ ትዘጋለች፤ እኔም ደሜ ሲፈላ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ። ደህና ነን ብዬ ነበር። የተመለሰች ሰሞን ግን እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ አትክልት ስትከትፍ፣ እኔ ከበላይዋ ካለው መደርደሪያ ጨው ላወርድ እጄን ሳነሳ፣ ጭንቅላቷን ቀብራ ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች። ጨው ነበር የምፈልገው። እሷም ያደረገችውን ሳታውቀው አትክልቷን መክተፍ ቀጠለች። የሽማግሌው ጭንቅላት ከጉርሻዬ ለምን እንደሸሸ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሕግ አለኝ። ጨውም ላውርድ፣ መጋረጃም ልሳብ፣ ጸጉሯንም ልነካ፣ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ «እጅ ከኋላ!» መጀመሪያ ላይ ጅል ነሽ ትለኝ ነበር። አሁን ዞር ሳትል «እሺ» ትላለች፣ ትከሻዋም ባለበት ይቆያል። አንዳንድ ቀን መናገሩን እረሳለሁ፤ ያን ቀን ክንዷ ይነሳል።