የደበሎው ቦታ

የያዙኝ የቆሰለ ሰው አጠብክ ብለው ነው። ሞጣ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ጋዋኔን እንደለበስኩ መኪና ላይ ጫኑኝ። የሰውየውን ወገን ጠይቄው እንደሆነ መረመሩኝ። ቁስሉን እንጂ ወገኑን አላየሁም ብል ማን ሊያምነኝ።

ያስገቡኝ ከብቸና ወጣ ብሎ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። እህሉ ከተነሣ ቆይቷል፤ የጤፍ ብናኝና የአይጥ ሽታ ግን አልለቀቀውም። መስኮት የለውም። ቆርቆሮው ላይ ምስማር የወጣበት አንድ ቀዳዳ አለ፤ በእሱ የምትገባው ብርሃን ግድግዳ ለግድግዳ ስትጓዝ አርፍዳ እኩለ ቀን ላይ መሀል ወለሉ ላይ ታርፋለች።

እዚያ ቦታ ላይ አንድ የቅኔ መምህርና ተማሪያቸው ጎን ለጎን ይተኙ ነበር። የተያዘው ተማሪው ነው፤ እግሩ ላይ ቁስል አግኝተውበት። የኔታ ግን ልጄን ትቼ አልመለስም ብለው በፈቃዳቸው ተከትለውት ገቡ። የኔታ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው አያዩም። እኔ የልጁን እግር ጨው በበጠበጥኩበት ውኃ በየቀኑ አጥብለት ነበር።

አንድ ጠዋት ተማሪውን ጠርተው አወጡት። አልተመለሰም። የበግ ቆዳ ደበሎው እንደተነጠፈ ቀረ።

እኩለ ቀን ላይ ዳቦ መጣ። የኔታ ድርሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ወደ ደበሎው ዞሩና «ንገረኝ» አሉ። በቅኔ ቤት ተማሪ ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። እሳቸው ደግሞ ተማሪያቸውን ሳያቃኑ እህል ቀምሰው አያውቁም። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። መጋዘኑን የሞላው እስረኛ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። በኋላ «ዝም አለኝ» አሉና ዳቦውን መለሱ።

በማግስቱም ያው። አጠገባቸው የነበሩ ገበሬዎች ሙት እየጠሩ ነው ብለው ሸሹ። እግር መዘርጊያ በጠፋበት ቤት ደበሎው ላይ እግሩን ያሳረፈ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ የየኔታን እጅ በያዝኩ ቁጥር የደም ሥራቸው ምት እየደከመ ሲሄድ ይሰማኛል። ሰውየው ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነው። ተናደድኩ። እግዜር እንዲህ ያለ ጾም አላዘዘም አልኳቸው።

«ጾም አይደለም» አሉኝ። «ሥራዬን ሳልሠራ ነው የማልበላው።»

እንግዲያው እኔን ያቅኑኝ አልኩ። ግእዝ ታውቃለህ ወይ አሉኝ፤ አላውቅም። ጥቂት አሰቡና የምታውቀውን ንገረኝ፣ ግን እንከን ካለው እህሉን አልነካም አሉ።

እኔ ምን አውቃለሁ? ቁስል ማጠብ። ከደበሎው ጎን ተቀምጬ ጀመርኩ። እጄን እታጠባለሁ፤ ከመሀል ወደ ዳር እጠርጋለሁ፤ የሞተውን ሥጋ አነሣለሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ እሸፍናለሁ። ፈተና እንደሚመልስ ሰው ፈጠን ፈጠን አልኩ። ብርሃኗ ደበሎው ላይ ደርሳ ነበር።

የኔታ ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ደበሎው ዘንበል ብለው አዳመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ነገር ቀርቷል ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ውኃውን አስቀድመህ ብብትህ ውስጥ ታሞቀው ነበር ይላል። እንዳይበርደው።»

እውነት ነው፤ የውኃውን ጠርሙስ ሸሚዜ ሥር አቅፌ አቆየው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔም ቁም ነገር ብዬ አልቆጠርኩትም። እሳቸው አያዩም። ልጁ ነግሯቸው ይሆናል፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ግን ደበሎውን አየሁት። ጠጉሩ መሀል ላይ ተደፍጥጦ ነበር፣ ሰው እንደተቀመጠበት።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሁን ቀስ ብዬ፣ ውኃውን ማሞቁንም ሳልዘል። ፈርቼ ነበር።

«ሰው በማያይህ ቦታ እንደሚታይ ሆነህ ሠርተሃል» አሉ የኔታ። «ቀንቷል።»

ዳቦውን ባረኩና ቆርሰው በሉ። ቁራሹን ደበሎው ላይ አኖሩ።

ከዚያ ወዲያ እኩለ ቀን በደረሰ ቁጥር አንድ ሰው እየተነሣ ሥራውን ይነግራቸው ጀመር። ገበሬው ስለ ዘር አዘራሩ፣ ከሞጣ የመጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ስለ ጨርቅ አለካኩ። የኔታ ወደ ደበሎው ዘንበል ብለው ያዳምጡና የጎደለውን ይነግሯቸዋል። ሰውም ያንን እያሰበ ሥራውን በልቡ ሲያበጥር ይውላል። አንድ ቀን አዲስ እስረኛ አመጡብን፤ ጠባቂው ያንን ባዶ ቦታ ስጡት ብሎ ወደ ደበሎው ጠቆመ። ሁሉም በያለበት ጠጋ ጠጋ አለና እንግዳው በሌላ በኩል ተኛ።

አሁን ተፈትቼ ሞጣ ሥራዬ ላይ ነኝ። የኔታ መርጡለ ማርያም አካባቢ ወዳለው ጉባኤ ቤታቸው መመለሳቸውን ሰምቻለሁ። የተማሪውን ወሬ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

በቅርቡ መጥረቢያ እግሩን የመታው አንድ ገበሬ መጣ። እናቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ማሞቂያ አለን፤ እኔ ግን ውኃውን እንደ ልማዴ ብብቴ ውስጥ አቆየሁት። አጠብኩ፤ አሰርኩ። ከጨረስኩ በኋላ ፊቴን ወደ አግዳሚው ባዶ ጫፍ መልሼ፣ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ ቆሜ ኖሯል።

«ማንን ትጠብቃለህ ልጄ?» አሉኝ እናትየው።

«የሚያቃናኝ አለ» አልኳቸው።

አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፈቀቅ አሉለት።