ቆራሌው ጠሀ ያስተማረበት ቀን

ጠሀ ድምፁ ትልቅ ነው። ከመርካቶው ሰባተኛ ሰፈር ተነስቶ "ቆራሌው... ቆራሌ" ብሎ ሲለቀው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። ፊት ለፊት ያናገሩት እንደሆነ ግን ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አንገቱን ሰብሮ፣ የጆንያውን አፍ እያሻሸ፣ "እ... አዎ... እሺ" ነው መልሱ። ክብሪት ሊገዛ ሱቅ ሲሄድ እንኳ ውስጥ ያለው ሰው ገዝቶ እስኪወጣ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ሥራው ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ከየቤቱ እየገዛ ምናለሽ ተራ ላሉት ነጋዴዎች ማስረከብ ነው። ባዶ ጠርሙስ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ጆሮው የወለቀ ድስት፣ ያገኘውን ነው የሚሸከመው። ምናለሽ ተራ ከገባ በኋላ ቆርቆሮው ኩራዝ ይሆናል፣ ጋዜጣው በርበሬ ይጠቀለልበታል፣ ጠርሙሱ ታጥቦ ዘይት ይሞላበታል። ይሄን ሁሉ ጠሀ ያውቃል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለሚመስለው ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ደግሞ ቆራሌ በር አያንኳኳም። ማንም ተቀምጦ አላስተማረውም፣ ግን ሕግ ነው። ቆራሌ እየጮኸ ያልፋል፤ ዕቃ ያለው ሰው "ና ቆራሌ" ብሎ ይጠራዋል። ሳይጠራ ያንኳኳ እንደሆነ "ምን ሊያይ መጣ?" ይባላል። ያን ጊዜ ደግሞ ዘመኑ የደርግ ነው፤ የቀበሌ ጥበቃው በየማዕዘኑ ቆሟል፣ ማን የት ገባ ብሎ ሰው የሰውን እግር ያያል። ስለዚህ ጠሀ መርካቶን ከረገጠ ጀምሮ ሳይጠሩት የገባበት ቤት የለም። ለእሱም ተስማምቶታል። ሳይጠሩት ቢገባ ምን ሊል ነው? ዕቃው ነው እንጂ የሚናገርለት።

ሚስቱ አገር ቤት ሞታበት ሁለተኛ አላገባም። አሸብር ከሚባል ሌላ ቆራሌ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ያድራሉ። አሸብር ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ጓደኛው ብዙ ስለሆነ ግን ክፍሏ ውስጥ አይገኝም። ጠሀ ራቱን በልቶ፣ ሶላቱን ሰግዶ፣ ከግድግዳው ማዶ የሚያወሩትን ጎረቤቶች እየሰማ ይተኛል። የሚያወሩትን ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ቀን ግን አብሯቸው አውርቶ አያውቅም።

ሐሙስ ብቻ ነበር የተለየ። ሐሙስ ሐሙስ ሰባተኛ ውስጥ ካለች አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር "ጠሀ፣ ና ግባ" የሚል ድምፅ ይመጣል። እትዬ ያለምወርቅ ናቸው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ማዕረግ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ሄዷል። በሰፈሩ ሁሉ ጠሀን በስሙ የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው "ቆራሌ" ነው የሚለው። ከሳምንት ሳምንት ያጠራቀሟትን ሁለት ጠርሙስና አንድ ቆርቆሮ አውጥተው ይደረድሩና ክርክር ይጀምራሉ።

"ይሄ ጠርሙስ አዲስ ነው፣ ያለፈው ሳምንት ዋጋ አይሆንም።"

"አንገቱ ተሸርፏል እትዬ።"

"የት ጋ? አሳየኝ። አንተ ደግሞ ዓይንህ የሚያየው ሽርፍራፊ ብቻ ነው።"

ክርክሩ ሲያልቅ ጠሀ ደፉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ከቀበሌ ሱቅ በተገኘችው ስኳር ሻይ ይመጣለታል። እሳቸው ስለ ማዕረግ ያወራሉ። ጠሀ ይሰማል፤ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቃል ይጨምራል። ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር የሚያወራው ያን ያህል ነው።

የትምህርት ቤቱ ነገር የመጣው በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ነው። ከገበያው ጀርባ ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥሩ ሥር የሰፈሩ ሁሉ ጥራጊ ይከመርበታል። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣበት ሽታው መማሪያ ክፍል ድረስ ይገባል። ወሰንየለሽ የምትባል ወጣት የሳይንስ አስተማሪ፣ ልጆቹ ከየቤታቸው ቆሻሻውን መለየት ቢማሩ ክምሩ ይቀንሳል ብላ ተነሳች። አንድ ቀን ጠሀ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ከበሩ ወጥታ አስቆመችው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ላናግርዎት?"

ጠሀ ዞሮ ኋላውን አየ። ማንም የለም።

"እርስዎን ነው እኮ" አለች እየሳቀች። "ልጆቹን አንድ ቀን ያስተምሩልኛል?"

"እኔ? እኔ ምን አውቄ?"

"የሚገዙትን ብቻ ይንገሯቸው። የሚጣለው የቱ ነው፣ የማይጣለው የቱ ነው። እኔ ብነግራቸው ፈተና ካለፈ በኋላ ይረሱታል።"

እምቢ ማለት እሺ ከማለት የበለጠ ብዙ ቃል ይፈልጋል። ጠሀ እሺ አለ።

ማግስቱ ሐሙስ ነበርና ለእትዬ ያለምወርቅ ነገራቸው። እሳቸው ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና እጃቸውን አጣጠፉ።

"በል፣ እኔ ተማሪ ነኝ። አስተምረኝ።"

"ተዉ እትዬ።"

"ምን ተዉ ይለኛል፣ መምህር አይደለህ? ጀምር።"

"ልጆች... ጠርሙስ... አትጣሉ" አለ ጠሀ ጆንያውን እያየ።

"ለጆንያው ነው እንዴ የምታስተምረው? ቀና በል።"

ቀና አለ። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ማዕረግ ከሄደ እንዲህ ስቄ አላውቅም አሉ። ጠሀ ያን ቀን መንገድ ላይ ብቻውን ሲስቅ ያየው ሰው አለ።

የማስተማሩ ዕለት ጠሀ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጆንያውን ሞልቶ ሄደ። አንድ ክፍል ብቻ መስሎት ነበር። ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ልጅ ሁሉ ባንዲራው ሥር ተሰልፏል፤ ርዕሰ መምህሩ አለ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ካኪውን ለብሶ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ስለ ጽዳትና ስለ አብዮቱ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ቀጥሎ ተራው የጠሀ ሆነ።

ጆንያውን ዘረገፈው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ጋዜጣ፣ የተበጠሰ በረባሶ መሬት ላይ ተበተነ። አንዱን እያነሳ "ይሄ... ኩራዝ ይሆናል" ይላል፣ አስቀምጦ ሌላ ያነሳል። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ። ቆይተው "ያኛውስ? ያኛው ምን ይሆናል?" ማለት ጀመሩ። ወሰንየለሽ ቶሎ ቶሎ እያብራራች አገዘችው፣ ነገሩ ሰመረ። አንዲት ከፊት የቆመች ልጅ ግን እጇን አወጣችና ጠየቀች።

"ለይተን ስናስቀምጥ ለማን ነው የምንሰጠው?"

መልሱ ቀላል ነበር። ለእኔ፣ ሳልፍ ስትሰሙኝ ጥሩኝ፣ ነው መልሱ። ጠሀ አፉን ከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ያየዋል፣ ካኪ የለበሰውም ያየዋል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት "ለእኔ ስጡኝ" ማለት እንደ ልመና መሰለው። ለጥቅሙ ነው እንዴ የመጣው እንዳይሉት ፈራ። ይሉኝታ ያዘው።

"ለ... ለትምህርት ቤታችሁ" አለ።

ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፣ ሰልፉም ሁሉ አጨበጨበ። ዕቃውን ትምህርት ቤቱ እንዲሰበስብ ወዲያው እዚያው ተወሰነ። በሳምንቱ ሦስት በርሜሎች በግቢው በር ላይ ተተክለው "ጠርሙስ"፣ "ቆርቆሮ"፣ "ወረቀት" ተብሎ ተጻፈባቸው። ልጆቹ ዓርብ ከሰዓት በቡድን በቡድን ሆነው፣ መዝሙር እየዘመሩ፣ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። የቀበሌው የወጣቶች ማኅበር ጋሪ ሰጣቸው። ትምህርት ቤቱ በርሜሎቹን በቀጥታ ለምናለሽ ተራ እያስረከበ ኳስና ጠመኔ ገዛበት። አጥሩ ሥር ያለው ክምርም እውነትም ቀነሰ። ጠሀ በዚያ ሲያልፍ ሳይወድ በግዱ ደስ ይለው ነበር።

ግን የሚጠራው ጠፋ። "ቆራሌው" ብሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ከአጥር ውስጥ "ልጆቹ ወስደውታል" ይሉታል። አንዷ ሴትዮ በር ላይ ሽንኩርት እየላጠች ቀለደችበት።

"አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርካቸው? አሁን ምን ልትቃርም መጣህ?"

አሸብር ደግሞ ማታ ሲገባ "ፕሮፌሰር፣ ተማሪዎችህ በረቱብህ" ይለዋል። "ለእኔ ስጡኝ ማለት ምኑ ይከብዳል? አንዲት ቃል እኮ ናት።"

ጠሀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። እንጀራው እንኳ አልተቋረጠም፤ ኮልፌና አብነት በኩል መዞር ጀመረ፣ እዚያ ልጆቹ አልደረሱም። የጨነቀው ሐሙስ ነው። ለሐሙስ ሲል ብቻ ሰባተኛን አልተወም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሰማያዊው በር ጋ ሲደርስ ጮኸ። ዝም። ራዲዮናቸው ይሰማል፣ እትዬ ያለምወርቅ ቤት አሉ። ትንሽ ቆሞ እንደገና ጮኸ። ራዲዮኑ ተዘጋ፣ በሩ ግን አልተከፈተም። የጥበቃው ሰው ከማዕዘኑ ሲያየው ጊዜ ጆንያውን አንስቶ ሄደ። የሚቀጥለው ሐሙስም እንዲያው ሆነ።

ቂም ይዘውብኛል አለ በልቡ። ያን ጊዜ ሲያስተምሩኝ አጉል ሳቅኩ እንዴ? ወይስ ሻዩን አብዝቼ ጠጣሁ? ሌሊት እያገላበጠ የተናገራትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ መረመረ። ብዙ ስላልሆነች ቶሎ አለቀች፣ ጥፋት ግን አላገኘባትም። ለመጠየቅ ማንኳኳት አለበት። ቢያንኳኳና "ማነው?" ቢባል ምን ይላል? ቆራሌ ነኝ? ምን ልትገዛ? ዕቃ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዝም ብሎ ሰው ልጠይቅ መጣሁ ማለት ዘመድ የሆነ ሰው የሚለው ነው። እሱ ምናቸው ነው?

በጥር ወር አንድ ሐሙስ፣ ከዚህ በኋላ በዚህ መንገድ አልመጣም ብሎ ወሰነ። ለመጨረሻ ጊዜ አለፈ። ጩኸቱም እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ለራሱ የሚናገር ያህል ነው። በሩን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ተከፈተ።

"ጠሀ" አሉ እትዬ ያለምወርቅ። "ና፣ ዕቃ አለ።"

ገባ። ደፉ ላይ አንድ ብረት ድስት ተቀምጧል። ጠሀ አንስቶ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን ይዞ ውስጡን አየ። ቀዳዳ የለውም። ጆሮዎቹ አልላሉም። ክዳኑም ልክ ነው። ቂጡ ላይ ያለው ጥላሸት ገና ትኩስ ነው፤ ጠዋት ተቀቅሎበታል።

"ይሄ ደህና ነው እትዬ።"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ ምኑ ይሸጣል? በምን ልትሠሩ ነው?"

እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳቡ። "ሌላ ምን አለኝ?" አሉ። "ጠርሙሱን ልጆቹ ወሰዱት። ያንተ ልጆች። ደጅ ቆመው ሲዘምሩ እምቢ ይባላል? አንተ ስትጮህ ደግሞ እሰማሃለሁ። ሠራተኛ ሰው በባዶ እጄ ጠርቼ ምን ልበልህ? ቁጭ ብለህ እኔን ስማኝ ልበልህ?"

ጠሀ ድስቱን እንደያዘ ቀረ። እሱ ውጭ ሆኖ፣ እሳቸው ውስጥ ሆነው፣ ያው አንድ ነገር ሲያሳፍራቸው መክረሙን ያን ጊዜ ነው የተረዳው። ድስቱን ወስዶ ከምድጃው አጠገብ፣ ቦታው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተመልሶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ጆንያው ባዶ ስለነበረ ጥግ ጥሎታል፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋበት።

"አልገዛም" አለ። "ግን... ሻይ ካለ።"

እትዬ ያለምወርቅ ሻይ ሊጥዱ ተነሱ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ይሄዳል። ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ሆነ ማለት ግን አይደለም። ድሮ ክርክሩ ወሬ ያመጣ ነበር፤ አሁን የሚከራከሩበት ጠርሙስ የለም። ከማዕረግም ወሬ ስለጠፋ ስለ እሱ ማውራቱን እትዬ ያለምወርቅ እየተዉት መጡ። ሁለቱም ራዲዮኑን እየሰሙ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው የሚቀመጡበት ጊዜ ይበዛል። ጠሀ ሊሄድ ይፈልግና የሚነሳበት ምክንያት ያጣል፤ ልቆይ ቢልም ምክንያቱ ያው የለም። ዝምታው ሲከብዳቸው እሳቸው "ዛሬ ደግሞ የት የት ዞርክ?" ይሉታል። ጠሀም ያለፈበትን ሰፈር፣ ድልድዩን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የበሮቹን ቀለም ሁሉ እያነሳ ይነግራቸዋል፤ ቶሎ እንዳያልቅበት ቀስ እያለ።