አባቴ ከበቅሎ ያልወረደበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም ለክፍሏ የምታቀርበውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ስለ አንድ የጥንት እንግሊዛዊ መስፍን ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ጀግና ወታደር ነበር፤ መሬቱ ተለክቶ የማያልቅ ጌታ ነበር፤ ፓርላማ ገብቶ ግን ድሃም ሀብታምም እኩል ይምረጥ ብሎ ሕግ አቀረበ። «አይገርምዎትም አባባ፣ ጌታ ሆኖ ለድሃ መቆሙ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት።

ሰውየውን አላውቀውም፤ ቢጤውን ግን አውቃለሁ። የእኛ ፊታውራሪ በጣልያን ጊዜ ዱር ገብተው የተዋጉ፣ ክንዳቸውን ጥይት የበሳው ሰው ነበሩ። ጀግንነታቸውን እኔም አልክድም። የምናርሰው መሬት የእሳቸው ነበርና ገብሱ ሲወቃ እኩሌታው ወደ ጎተራቸው ይሄዳል። በንጉሡ ዘመን ለፓርላማ ሲወዳደሩ ፍላቂት ገበያ መሃል ቆመው ተናገሩ። ኅዳር ነበር፤ የጠዋቱ አመዳይ ጥላ ጥላው ላይ ገና አልቀለጠም።

«የጭሰኛ ሕግ እንዲሻሻል እታገላለሁ። ከእንግዲህ እኔም አንድ ድምፅ፣ እናንተም አንድ ድምፅ። ሰው ከሰው አይበልጥም» አሉ። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ጉልበቱን ስለሚያመው የመጣው የቄሱን በቅሎ ተውሶ ነበር። ስንመለስ እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ጎረምሳው ልጓሙን ይዤ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ፊታውራሪ ከነአሽከሮቻቸው ከኋላ መጡ። በዚያን ጊዜ ጌታ ሲመጣ ከበቅሎ ይወረዳል፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

«አባ፣ ውረድ እንጂ» አልኩት።

«ተወኝ። ጌቶች ዛሬ ያሉትን አልሰማህም?» አለኝ።

ድፍረት አልነበረም፤ የሰማውን አምኖ ነው። በቅሎዋን ከመንገዱ ጠጋ አድርጎ፣ እንደተቀመጠ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ሲናገሩ ሰማሁ፤ ዕድሜ ይስጥልን» አለ።

ፊታውራሪ ፊታቸው ጠቆረ። ወደ አሽከሮቻቸው ዞር ብለው «አውርዱት» አሉ።

እግሩን ይዘው ጎተቱት። በታመመው ጉልበቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ፊታውራሪ በቅሏቸውን ቸብ አድርገው አለፉ። ድንጋይ አነሳሁ፤ አባቴ ከወደቀበት ሆኖ እግሬን ጨምድዶ ያዘኝ። ያን ድንጋይ አለመወርወሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በምርጫው ቀን አባቴ እያነከሰ ሄዶ ድምፁን ሰጠ። ለማን እንደሰጠ ስጠይቀው «ለፊታውራሪ» አለኝ። ጮኽኩበት።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ ሌሎቹ በአፋቸው እንኳ አላሉትም» አለ።

ፊታውራሪ ተመረጡ። አዲስ አበባ ሄደውም እንደ ቃላቸው ለጭሰኛ ተከራከሩ ሲባል ሰማን። ሕጉ አልጸደቀም። አባቴ እስኪሞት አነከሰ፤ በቅሎ ላይም ዳግመኛ አልተቀመጠም።

ይህን ስነግራት ሰላም «ታዲያ ፊታውራሪ ውሸታም ነበሩ ማለት ነው?» አለችኝ። ውሸታም ቢሆኑማ በቀለለኝ ነበር። ሰውየው ያሉትን ያምኑበት ነበር፤ አገሩን ለሞላው ጭሰኛ ሁሉ ያምኑበት ነበር። ያቃታቸው መንገድ ላይ ለተገኘው ለአንዱ፣ ለአባቴ ሲሆን ነው። ጌታ ሆኖ ለድሃ መቆም ይሉኛል!

የእንግሊዙን ሰውዬ አታመስግኚው አላልኳትም። «ገበሬዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ምን ያደርጉ እንደነበር ፈልጊና እሱንም ጨምሪበት» አልኳት። ስልኳን ስትነካካ ብዙ ቆየች።

«አባባ፣ ያንን የጻፈ ሰው የለም» አለችኝ።