የአራት ወር እጢ

ትናንት በምሳ ሰዓት ሁርሊንግሃም ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገባሁ። ከሐኪም መምጣቴ ነበር። አልራበኝም... ብቻዬን ቤት መግባት ፈርቼ ነው።

ማዮማ አለብኝ። የማህፀን እጢ። ሐኪሞች መጠኑን የሚናገሩት በእርግዝና ወር ነው፤ የእኔው ሐኪም «አራት ወር ያክላል» አለኝ። አሁን ከሆነ እጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኔን ማትረፍ ይችላል። ከቆየሁ ግን ቃል አይገባልኝም።

እኔ ደግሞ ቢላ እፈራለሁ። ሰሞኑን ኪሌሌሽዋ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ስለ ጂን ቴራፒ፣ በዘረመል ስለማከም ሳነብ ነው የሰነበትኩት። እንዳያሳምም የተደረገ ቫይረስ ጂን ተሸክሞ እጢው ውስጥ ይገባል... የእጢው ህዋሳት በራሳቸው ይሞታሉ። ሳይቀደድ፣ ሳይሰፋ።

ሐኪሙን «እሱን ብጠብቅስ?» አልኩት።

«እስካሁን የተሞከረው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በህዋሳትና በአይጦች ላይ ነው። ለሰው መቼ እንደሚደርስ አላውቅም» አለኝ። ከዚያ በስዋሂሊ «ፖሌ» አለ፤ አይዞሽ እንደማለት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ጁስ ይዘውልኝ ሲመጡ ሆዴን አዩና ፊታቸው በራ።

«ውይ የኔ ልጅ! ማርያም በሽልም ታውጣሽ!»

ምርቃት አይመለስም። «አሜን» አልኩ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አራት።»

ውሸት አልነበረም... እውነትም አልነበረም።

ሄዱ። ጁሱን ትቼ በረዶውን መቆርጠም ያዝኩ። እጢው ደም እያፈሰሰኝ ደም ካነሰኝ ወዲህ ያመጣሁት አመል ነው። ቀና ስል እትዬ ዘውዴ ቆመው ያዩኛል። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ማዮማ ነው፣ አይደል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔም በረዶ ስቆረጥም ነው የከረምኩት። ለሰው ሳልናገር... ዛሬ ይሟሟል፣ ነገ ይሟሟል እያልኩ። መጨረሻ ላይ ማህፀኔን ጠቅልለው አወጡት።»

ስለ ቫይረሱ ነገርኳቸው። ስለ ጂኑ። ስለ አይጦቹ። አላቋረጡኝም።

«ጥሩ ነገር ነው» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ልጅሽ ትጠብቀው። አንቺ ሂጂና ኦፕራሲዮን ሁኚ።»

ልጅሽ... አጠገቤ እንደተቀመጠች ያህል።

እዚያው ሆኜ ክሊኒኩ ደውዬ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያዝኩ።

ያልተወለደችው ልጄ ወረፋ ይዛ ትጠብቅ፤ እኔ ማክሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዴ እገባለሁ።